ምርቃና ተመስጦ ይሆናል?

«ጫት ስቅም ጸሎት ይጣፍጠኛል።» እንዲህ ያለ አባባል ባሕር ዳር ውስጥ መስማት ብርቅ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው በፔዳና በፖሊ ግቢ ዙሪያ፣ በበርጫ ቤቶች፣ አንዳንዴም ከጉባኤ መልስ በሚደረግ ጨዋታ ላይ ይነሳል። ሌላው በስልኩ ያየውን አጭር ቪዲዮ ጠቅሶ «እንጉዳይ የበላ ሰው እግዚአብሔርን እንደሚያይ ሳይንስ አረጋገጠ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እንዲያውም የጣና ሰዎች ድሮም ያጨሱ ነበር» ብሎ ይጨምርበታል።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ዕፅ ወደ መንፈሳዊነት ያስገባል የሚለው ሐሳብ ነው። የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ኃጢአት ነው» ብሎ ያልቃል። ጠያቂው ግን በዚህ አይረካም። የተሰማው ነገር ውሸት አልመሰለውማ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ዕፁ በአካል ላይ ምን ይሠራል? ጥናቶቹ በእርግጥ ምን አገኙ? የክርስትናው ተቃውሞስ የቆመው በምን ላይ ነው?

## «ዕፅ» ስንል

«አደንዛዥ ዕፅ» የሚለው ስም የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ላይ ይጠራል። ጫት አያደነዝዝም፤ ያነቃቃል። ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለው ካናቢስ ስሜትንና የጊዜ ግንዛቤን ይለውጣል። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ሳይኬደሊክ ይባላል። ሳይኬደሊክ ማለት የሚታየውንና የሚሰማውን፣ «እኔ» የሚለውን ስሜት ጭምር፣ ለጥቂት ሰዓታት የሚለዋውጥ ነገር ነው። በአንዳንድ እንጉዳዮች ውስጥ የሚገኘው ሲሎሳይቢንና በላብራቶሪ የሚሠራው ኤልኤስዲ ከዚህ ወገን ናቸው።

ባሕር ዳር ላይ በተግባር ያለው ጥያቄ የጫት ነው። የእንጉዳዩ ወሬ ከውጭ መጥቶ ለጫቱ ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። «ፈረንጅ በእንጉዳይ ካገኘው እኛ በጫት ለምን አናገኘውም?» ነው ነገሩ።

ሕጉም አንድ ዓይነት አይደለም። ካናቢስ ማብቀልም መያዝም በኢትዮጵያ ወንጀል ነው። ጫት ግን በይፋ ይሸጣል፤ ወደ ውጭም ይላካል። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጎንደር መንገድ ሮቢት ባታ አካባቢ ገበሬው ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ያለማዋል። ስለዚህ «ሕጋዊ ነው፣ ሕገ ወጥ ነው» የሚለው ክርክር መንፈሳዊውን ጥያቄ አይፈታውም። ሕጉ ስለ ጸሎት የሚለው ነገር የለም።

## በምርቃና ሰዓት

በጫት ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ ኬሚካሎች በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል። ኖርአድሬናሊን ያነቃል፤ ልብን ያስመታል። ዶፓሚን ደግሞ ለአንጎል «ይህ ነገር ቁም ነገር ነው፣ ተከታተለው» የሚል ምልክት ይሰጣል። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የዶፓሚኑን ሥራ ከጸሎት ጋር እናያይዘው። ምርቃና ላይ ሆኖ ዳዊት የሚደግም ሰው ቃሉ ሁሉ ለእርሱ ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። እንባው ቅርብ ይሆናል። እንቅልፍ የለም፤ ሌሊቱን መቆም አይከብድም። ስሜቱን እየፈጠረ አያወራም፤ በእርግጥ ተሰምቶታል። ችግሩ ሌላ ነው። ያው ሰው በዚያው ሰዓት ስለ ንግድ ዕቅድ ቢያስብ ዕቅዱም እንደዚያው ግዙፍ ይሆንለታል። በምርቃና ተሠርቶ ጠዋት የፈረሰው ፎቅ ስንት ነው! ዕፁ ጸሎትን ለይቶ አላከበረም። ፊቱ የተገኘውን ሁሉ ያከብራል።

ከዚያ መውረዱ ይመጣል። መነጫነጭ፣ ዝም ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት። ሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት፣ በማግስቱ ሐራራ የሚባለው የጫት አምሮት። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚባለው መጠጥ ይከተላል። ብዙ ቃሚዎች ራሳቸው የሚመሰክሩት ከጫቱ ይልቅ ጨብሲው እንደጣላቸው ነው። «ጸሎት ይጣፍጠኛል» የሚለው ሰው ስለዚህኛው ግማሽ ብዙም አያነሳም። ሁለቱን ሰዓታት ብቻ ሳይሆን ሃያ አራቱንም ሰዓት ካልቆጠርን ሒሳቡ ጎደሎ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። በሐረርና በወሎ ጫት ከዱዓ ጋር የቆየ ትስስር አለው። በእስልምና ሊቃውንት መካከልም ስለ ጫት የሰፋ ክርክር አለ። እዚህ የተያዘው የክርስትናው ዕይታ ስለሆነ የዚያን ቤት ክርክር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ።

## የስቅለቱ ዓርብ ሙከራ

«ሳይንስ አረጋገጠ» የሚለው ወሬ ምንጩ በአብዛኛው ሁለት ጥናቶች ናቸው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ቻፕል በስቅለት ዓርብ ተደረገ። ዋልተር ፓንኬ የተባለ ሐኪም 20 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ሰበሰበ። ለ10ሩ ሲሎሳይቢን ሰጠ። ለቀሩት 10 ደግሞ ኒያሲን የተባለ፣ ፊትን ብቻ የሚያሞቅ ቫይታሚን ሰጣቸው። ላይኛው አዳራሽ የሚካሄደው የስቅለት አገልግሎት በድምፅ ማጉያ ወደ እነርሱ ይገባ ነበር። ሲሎሳይቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ ጥልቅ መንፈሳዊ ነገር እንደገጠማቸው ተናገሩ። ቫይታሚን የወሰዱት ያንን ያህል አልተናገሩም።

ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ሪክ ዶብሊን የተባለ ተመራማሪ ተሳታፊዎቹን ፈልጎ አነጋገራቸው። የዚያች ቀን ትዝታ አሁንም ለሕይወታቸው ዋጋ እንዳለው ብዙዎቹ ነገሩት። ይህ ለደጋፊዎች ትልቅ ማስረጃ ነው፤ መካድም አይገባም። ግን ዶብሊን ሌላም ነገር አገኘ። ከተሳታፊዎቹ አንዱ በዚያ ቀን ከአዳራሹ ወጥቶ የመሲሑን መምጣት ላውጅ ብሎ መንገድ ላይ ሄዷል። ይዘው ሲመልሱት ማረጋጊያ መርፌ ተወጋ። ይህ በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ አልተጻፈም ነበር። ከ10 ሰው አንዱ እንደዚያ ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። አጭሩ ቪዲዮ ይህን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ወጣ። የመራው ሮላንድ ግሪፊትስ ነው። 36 ሰዎች ተሳተፉ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ልምዱን በሕይወታቸው ከገጠሟቸው አምስት ታላላቅ መንፈሳዊ ነገሮች መካከል አስቀመጡት። ሲሶ የሚጠጉት ደግሞ በዚያው ቀን ብርቱ ፍርሃት ያዛቸው። ሁሉም አስቀድሞ ተመርምረው የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። አጠገባቸው የሠለጠነ ጠባቂ ነበር። ደግሞም ሁሉም ከመጀመሪያው ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ልማድ የነበራቸው ናቸው።

የመጨረሻዋ ነጥብ ቁልፍ ናት። የነገረ መለኮት ተማሪ በስቅለት ቀን የስቅለት መዝሙር እየሰማ ዕፁን ወሰደ፤ ስቅለትን አየ። የሠርግ ዘፈን ቢሰማስ ምን ያይ ነበር? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። የሰውየው ውስጣዊ ዝግጅትና ያለበት ቦታ የሚያየውን ይቀርጻል። ጥናቶቹ ያረጋገጡት ሲሎሳይቢን ከባድ ስሜት እንደሚፈጥር ነው። ያ ስሜት ከእግዚአብሔር መሆኑን ግን አልመረመሩም፤ መመርመሪያ መሣሪያም የላቸውም። በሌላ ወገን ደግሞ «ኬሚካል ስለሆነ ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም» የሚል አማኝም በራሱ ላይ ይፈርዳል። ጾም ላይ ያለ ሰው አንጎልም በኬሚካል ነው የሚሠራው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

## ከጣና አጠገብ የተገኙት ፒፓዎች

የድሮ ሰዎች ማጨስ ወሬ ባዶ አይደለም፤ ግን ከመጠን በላይ ተለጥጧል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በቀድሞው በጌምድር ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ። ከውቅሮቹ ከተማ ጋር መምታታት የለበትም። እዚያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ ፒፓ ራሶች ተገኙ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨ የተባለ ተመራማሪ የተጣበቀባቸውን ዝቃጭ መረመረ። የካናቢስ ምልክት ተገኘበት። ዕድሜያቸው ወደ 1320 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተገመተ። ትምባሆ ከአሜሪካ ወደዚህ ዓለም የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ትምባሆ ሊሆን አይችልም። በአፍሪካ የማጨስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ግኝት ነው።

ታዲያ ፒፓው ምን ይነግረናል? ከሐይቁ ምሥራቅ ካናቢስ ያጨስ ሰው እንደነበር። ያ ሰው መነኩሴ ይሁን እረኛ፣ ለጸሎት ይሁን ለጥርስ ሕመም፣ ፒፓው አይናገርም። ዋሻው ከክብራን፣ ከዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ከጣና ቂርቆስ ገዳም ጋር የሚያያዝበት ነገር የለም። «የጣና መነኮሳት» የሚለው ጭማሪ ከቁፋሮው አልወጣም።

ለቤተ ክህነት ሰው ይበልጥ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አብሾ። በቆሎ ተማሪ ቤት አካባቢ አእምሮ እንዲከፈት፣ ዜማና ቅኔ ቶሎ እንዲገባ ተብሎ የሚጠጣ መድኃኒት እንደነበር ይነገራል። ዕፀ ፋርስ ይገባበታል የሚሉ አሉ። በየጥሻው የሚበቅለው ይህ ተክል፣ አስተናግርም ይባላል፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች አሉበት። ሰውን ያስቃዣል፤ ሲበዛ ይገድላል። ሕዝቡ ስለ አብሾ የያዘው ትዝታ ራሱ ሁለት ፊት ነው። አንዱ ሊቅ ወጣ ይባላል፤ ሌላው አብዶ ቀረ ይባላል። ዛሬም መጠጥ ሲቀምስ የሚያብደውን ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን።

ስለዚህ «በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» ማለት አያዋጣም። ታይቷል። ግን የት እንደታየ ልብ ይሏል። አብሾ ከጠንቋይ ደብተራ ጥበብ ጋር ሲወራ ኖረ። በቅዳሴ፣ በሰዓታት፣ በገዳም ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላገኘም። ለትምህርት ነው የተባለውም፤ እግዚአብሔርን ያሳያል ብሎ ያስተማረበት የለም።

## «እኛም ክርስቲያኖች ነን» የሚሉት

ዕፅን ከክርስትና ጋር ያዋሐዱ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። በአሜሪካ የነባር ሕዝቦች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1918 በኦክላሆማ ሲመሠረት ሜስካሊን ያለበትን ፔዮቴ የተባለ ቁልቋል እንደ ቅዱስ ቁርባን ያዘ። የአገሪቱ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን መብት አጸና። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነሣው ሳንቶ ዳይሜ አያዋስካ የተባለ የሚፈላ መጠጥ ከማርያም መዝሙርና ከመስቀል ጋር አጣመረ። በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ሥርዓት፣ ሽማግሌና ገደብ አለ። አንዳንድ አባላቶቻቸው ከመጠጥ ሱስ እንደወጡ ይመሰክራሉ። ይህን ከበርጫ ቤት ጋር አንድ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነው የራስ ተፈሪያን ጉዳይ ነው። እንቅስቃሴው ከ1930ው (እ.ኤ.አ.) የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ በጃማይካ ተወለደ። ጋንጃን እንደ ቅዱስ ዕፅ ይቆጥራሉ። የሚጠቅሱት ዘፍጥረት 1፥29ን ነው፤ እግዚአብሔር ዘር የሚሰጥ ሐመልማልን ሁሉ ለሰው ሰጠ የሚለውን። ራእይ 22፥2ንም ይጨምራሉ፤ የዛፉ ቅጠሎች ለሕዝብ መፈወሻ ናቸው የሚለውን።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ግን ያደረጉት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን አባት ላኩ፤ በጃማይካ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተተከለች። አቡነ ይስሐቅም ቦብ ማርሌን እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ብርሃነ ሥላሴ ብለው አጠመቁት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎቹን ተቀበለች፤ ጋንጃውን ግን ወደ ሥርዓቷ አላስገባችም። ይህ በሩን ሳይዘጉ ልዩነትን የመጠበቅ ምሳሌ ነው። ዛሬ ለምንነጋገርበት ጉዳይ ከየትኛውም ስብከት በላይ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ዘፍጥረቱ ጥቅስ ግን አንድ ነገር። «ተፈጥሮ ስለሆነ ጥሩ ነው» የሚለው መከራከሪያ ዕፀ ፋርስ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። እርሱም ዘር የሚሰጥ ሐመልማል ነው።

## ክርስትና የሚለይበት ቦታ

ክርስትና ተመስጦን አይክድም። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ሳይሰማቸው ቀሩ ይላል ትውፊቱ። ጣና ቂርቆስም መጥቶ እንደነበር ይነገራል። ያንን ታሪክ በምርቃና ደጋፊዎች አፍ መስማት አያስገርምም። «ያሬድም እኮ ራሱን ስቶ ነበር» ይላሉ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻ እንከተለው። ንጉሡ በፀፀት የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ የጠየቀው ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በብሕትውና እንዲኖር እንዲፈቀድለት ነው። ያቺን ሰዓት እንድትደገምለት አልጠየቀም። ሲዘምርም ዓላማው ዜማው የሚቀርብለት አምላክ ነበር። ራስን መርሳቱ ሳይፈለግ የመጣ ነው።

የልዩነቱ መሠረት እዚህ ይመስለኛል። በክርስትና መንፈሳዊነት ማለት ከአንድ አካል ጋር መገናኘት ነው። መገናኘት የሁለት ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። ዕፅ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ብር ተከፈለ፣ ቅጠሉ ተቃመ፣ በተወሰነ ደቂቃ ስሜቱ መጣ። ሲሞን መሠርይ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የመንፈስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ የገሠጸው ስጦታው ውሸት ስለሆነ አይደለም። ስጦታ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው መሠረት ንቃት ነው። በበዓለ ኀምሳ ሐዋርያት በየቋንቋው ሲናገሩ ሰዎች «ጠጅ ጠግበዋል» ብለው ቀለዱ። ጴጥሮስ ቀልዱን ዝም ብሎ አላለፈውም። ገና ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው፣ አልሰከሩም ብሎ መለሰ። ልዩነቱ ግልጽ እንዲሆን ፈልጓል። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች «መንፈስ ይሙላባችሁ እንጂ በወይን ጠጅ አትስከሩ» ሲል ሁለቱን ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። ለቆሮንቶስ ሰዎች ደግሞ የነቢያት መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉ ይላቸዋል። መንፈስ ያደረበት ሰው ራሱን ይገዛል ማለት ነው። ክርስቶስም በስቅለቱ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ቀርቦለት አልተቀበለም፤ ማርቆስ 15፥23።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ነው። ይህ ለዘመናችን ሰው እንግዳ ይመስላል። የምንኩስና ትውፊት ራእይ ለማየት አያበረታታም፤ ይልቅስ ያየውን እንዲጠራጠር ያስተምራል። በግብጽ በረሃ ስለነበረ አንድ መነኩሴ የሚነገር ታሪክ አለ። የብርሃን መልአክ የመሰለ ተገለጠለትና ወደ አንተ ተልኬ መጣሁ አለው። መነኩሴው «ምናልባት ወደ ሌላ ተልከህ ይሆናል፤ እኔ መልአክ ለማየት የምበቃ አይደለሁም» ብሎ መለሰው። ያ ነገር ጠፋ። ጾምና ስግደት ለዓመታት የፈተነው ሰው እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ዙርባ ይዞ የተቀመጠ ሰው ያየውን በዚያው ዕለት «ተገለጠልኝ» ብሎ ማወጁ ምን ያህል ያስኬዳል? አባቶች ምትሐት የሚሉት ይህንን ነው። መለኪያቸው ስሜቱ አልነበረም። ገላትያ 5 ላይ የተዘረዘረው ፍሬ ነበር፤ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ መጨረሻውም ራስን መግዛት። በሐራራ የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ይህን የመጨረሻውን ነው።

## መልስ የሚሹ ጥያቄዎች

በጣም ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። ጾምም፣ ሌሊቱን በማኅሌት መቆምም፣ ከበሮና ጽናጽልም አንጎልን ይለውጣሉ። ዕጣኑስ? እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በዕጣን ሙጫ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ጭንቀት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ታዲያ ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይሆንም?

በከፊል እውነት ነው። ክርስትና ሰውን ሥጋና ነፍስ አድርጎ ስለሚያይ ሥጋ በጸሎት መሳተፉ አያሳፍረውም። ግን ጾም ከጫት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራል። ጾም የሚጀምረው አንድን ነገር በመተው ነው። ጿሚው ይራባል፣ ይደክማል፤ ብዙ ጊዜ ምንም ልዩ ነገር አይሰማውም፤ ያም ሆኖ ጾሙ እንደ ጾም ይቆጠርለታል። ምንም ያልተሰማው ቃሚ ግን ነገ ሌላ ጫት ቤት ይሞክራል። ጾም ስሜት ባይመጣም ትርጉም አለው። ይህ ለእኔ ከኬሚካል ክርክሩ ሁሉ የበለጠ ያሳምነኛል። የዚያኑ ያህል፣ ራእይ ፍለጋ ብሎ ሱባኤ የሚገባ ሰው በመሠረቱ ከቃሚው ጋር አንድ ስሕተት ላይ ነው።

ሁለተኛው የጠላው ነገር ነው። «በማኅበር ጠላ ይጠጣል፤ በዝክር አረቄ ይዞራል፤ ጫት ሲሆን ኃጢአት ይሆናል?» ቅሬታው ተገቢ ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጠጥንም ስለሚከለክሉ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነካቸውም። የኦርቶዶክሱ መልስ መጠጥ ተፈቅዷል፣ ስካር ተከልክሏል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ንጹሕ መልስ ነው። በዝክር ቤት ግን ብዙ ጊዜ ይጣሳል፤ የሚጣሰውም ቄሱ ባሉበት ነው። ወጣቱ ይህን አይቶ «ግብዝነት» ቢል ልንቆጣው አንችልም። ሆኖም ጠላ ጠጥቶ መንፈስ ቅዱስ ወረደብኝ የሚል የለም። የጠላው ጥፋት ስካር ነው። በጫቱ ላይ ያለው ደግሞ ስካሩን ጸሎት ብሎ መጥራት ነው። ሁለቱም ጥፋት ናቸው፤ ዓይነታቸው ይለያያል።

ሦስተኛው ቡና ነው። ቤተ ክርስቲያን ቡናን ለረጅም ዘመን ስትከለክል ቆይታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ክልከላው ላላ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆ የሚያጨሰውንም በጽኑ ይቀጡ ነበር። «ቡና ከተፈቀደ ጫትም ነገ ይፈቀዳል» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ዘጌ ግን ታሪኩን ያወሳስበዋል። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ተከሉ፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። ገዳማውያኑ በቡና ጫካ መሐል ለዘመናት ኖሩ። ማለትም የቡናው ክልከላ በአብዛኛው የማንነት ጉዳይ ነበር፤ ቡና የሌላ እምነትና የዛር ምልክት ተደርጎ ስለታየ ነው። የጫቱ ተቃውሞም ከፊሉ እንዲሁ «የእነርሱ ነው» ከሚል የመጣ ነው። ያ ክፍል ቢቀር አይጎዳም። የሚቀረው ክፍል፣ ስለ ሱስና ስለ ምትሐት ያልነው፣ በማንነት ላይ አልቆመም።

## ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል

ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ በክልሉ ሥራ፣ ትምህርትና እንቅልፍ ያጣ ወጣት ብዙ ነው። የተጨነቀ ሰው ሰላም ይፈልጋል። ሰላም በጸሎትም በቅጠልም ከተባለለት ሁለቱን ቀላቅሎ መሞከሩ አይቀርም።

የመጀመሪያው አደጋ የአእምሮ ሕመም ነው። ብዙ ጫት ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ሲደመር ድምፅ መስማትና መጠራጠር ሊያመጣ ይችላል፤ በተለይ በቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም ባለበት ሰው ላይ። በመንፈሳዊ ቋንቋ ሲተረጎም ደግሞ ሕመሙ ይሸፈናል። አንዱ «በቅቷል» ይለዋል፤ ሌላው «መንፈስ ይዞታል» ይለዋል። በዚህ መሐል ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ይዘገያል። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አብረው ይሄዳሉ። የታዘዘለትን እንክብል እንዲያቆም የሚነገረው ሰው ነው ከባዱን አደጋ የሚሸከመው።

ሁለተኛው ወደፊት የሚመጣ ነው። ሲሎሳይቢን ለድብርት ሕክምና በብዙ አገሮች እየተሞከረ ነው። አንድ ቀን በእኛም አገር በሐኪም እጅ የሚሰጥ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ያኔ የቤተ ክርስቲያን መልስ የዛሬው መሆን የለበትም። ለሕመም ማስታገሻ ሞርፊን የወሰደ ሰው ኃጢአት አልሠራም፤ መጽሐፈ ምሳሌም ለሚጠፋ ሰው የሚያሰክር መጠጥ ስጡት ይላል። ያው ነገር እንደ ቁርባን ሲቀርብ ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያላስተማረ ሰባኪ ወይ ሕክምናውን ያወግዛል፣ ወይ የሚያዋጣ ንግድን ይባርካል። በፔሩ ኢኪቶስ ከተማ አያዋስካ ለውጭ ጎብኚ የሚሸጥ መንፈሳዊ ጉዞ ከሆነ ቆይቷል። ጎብኚ የለመደ ሐይቅና ገዳም ያለው ከተማ ለእንዲህ ያለ ሸቀጥ እንግዳ ሆኖ እንደሚቀር ዋስትና የለም።

አሁን በዚህ ውስጥ ላለው ወጣት ግን ተግባራዊው ጉዳይ ይቀድማል። ጫት ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ ድካም፣ እንቅልፍና ጨለምተኝነት ይጫነዋል። ጸሎቱም ይደርቅበታል። ያው ዳዊት፣ ያው መዝሙር፣ ምንም አይሰማውም። ብዙዎች «ከእግዚአብሔር ራቅሁ» ብለው ወደ ጫቱ የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። አንጎሉ ወደ ቀድሞ ልኩ እየተመለሰ መሆኑን፣ ድርቀቱም የሚጠበቅ መሆኑን የንስሐ አባቱ አስቀድሞ ቢነግረው ብዙ ይጠቅመዋል። አጭር ጸሎት፣ በቂ እንቅልፍና የሚበላ ነገር ቢያዝለትም ያግዘዋል። ረጅም ስግደትና ጥብቅ ጾም በዚያ ሳምንት መጨመር አያስፈልግም። ድምፅ የሚሰማው ወይም ሰው ሁሉ የሚከታተለው ከመሰለው ግን ጉዳዩ ከንስሐ አባቱ ጋር ብቻ አያልቅም። ከተማው ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታል አሉ፤ በዚያው ዕለት አንዱ ጋ መድረስ አለበት።